የአፈኛው ሎርድ ለቅሶ

ዲሊያ መልቪ የጓዳውን በር በክርኗ ገፍታ ስትገባ የሟቹ ሚስት ቆማ ትበላ ነበር።

ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች፣ የቀዘቀዘ የአሳማ ሥጋ ከአጥንቱ ላይ በእጇ እየቦጨቀች ነው የምትጎርሰው። ሹካ የለ፣ ሳህን የለ። ባሏ ሎርድ አርድካርን ከሞተ ገና ማግስቱ ነው፤ አስከሬኑ ከግድግዳው ማዶ፣ በደሪክሉን ቤት ትልቁ አዳራሽ መሀል ተጋድሟል። ወይዘሮ ሄስተር ጉንጯ እንደሞላ ዞር ስትል ከዲሊያ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ይብሉ፣ እመቤቴ» አለች ዲሊያ። በጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። «እኔ ምንም አላየሁም።»

«ራበኝ» አለች ሄስተር፣ ጉርሻዋን እንደምንም ውጣ። «ምን ዓይነት ሴት ነኝ? ባሏ ሞቶ የሚርባት!»

«ጤነኛ ሴት ነዎት። እናቴ አባቴ የሞተ ዕለት አንድ ዶሮ ሙሉ ብቻዋን ጨርሳለች። እያለቀሰች ነው የበላችው፤ ግን ጨርሳለች። አጥንቱን ሳይቀር ጋጠችው።»

የሄስተር ሳቅ ከጉርሻው ጋር ተጋጭቶ ትን አላት። ዲሊያ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት። አሥራ አምስት ዓመት ሲተያዩ ኖረው አንዷ ሌላዋን ስትነካ ያ የመጀመሪያው ነበር።

መተያየቱንስ በደንብ ተያይተዋል። አውራጃው ደብሊን ወዳለው የአየርላንድ ፓርላማ ሦስት ሰው ይልካል። ሁለቱ ወንበሮች ባለቤት አላቸው፤ ሦስተኛዋ ግን ምርጫ በመጣ ቁጥር የሎርድ አርድካርንና የታይግ መልቪ መፋለሚያ ናት። አንዴ ባላባቱ ይወስዳታል፤ አንዴ ምስማርና የዘር ድንች ሻጩ መልቪ። በባሊክሊን ገበያ ሁለቱ በየጋሪያቸው ላይ ወጥተው፣ ትይዩ ቆመው፣ ከብቱ እየጮኸባቸው ይነታረካሉ። ሚስቶቻቸው ደግሞ ከየጋሪው ሥር አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ መቶ ጊዜ የሰሙትን ቀልድ ዛሬ ገና እንደሰማ ሰው እየሳቁ ይቆማሉ። ሄስተር በሕዝቡ ራስ ላይ አሻግራ ስትመለከት ያቺን ፊተ ቀይ ሴትዮ ታያለች፤ ሴትዮዋም እሷን። አንድ ክረምት በረዶ ሲወርድባቸው ዲሊያ ቅንድቧን ወደ ላይ አንስታ «አይ ወንዶች!» እንደማለት አድርጋላት ነበር። ሄስተር ያን ቅንድብ አልረሳችውም።

«አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ወይዘሮ መልቪ?»

«አንቺ ይበሉኝ እንጂ። በአንድ ዝናብ ስንደበደብ የኖርን ሰዎች አይደለን?»

ሄስተር ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ተገላገልኩ» አለች። ቃሉን ሌላ ሰው የተናገረው ይመስል ራሷ ደነገጠች። «ትናንት በጋሪ ጭነው ሲያመጡት ከደረጃው ላይ ሆኜ አየሁ። ከማልቀሴ በፊት፣ በእግዚአብሔር ፊት ነው የምነግርሽ፣ በልቤ 'ከእንግዲህ ምርጫ የለም' አልኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው።»

ዲሊያ ዳቦውን ቆርሳ ቅቤ ቀባችላትና አቀበለቻት።

ከተጋቡ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። የጫጉላ ሽርሽራቸውን ያቋረጠው ምርጫ ነበር፤ ባሏ ሉሺየስ በሳምንቱ በቴሌግራም ተጠራና ሄስተር ሙሽርነቷን የጨረሰችው በአንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ዱቄት የነካው እጅ ስትጨብጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ጢሙን ሲላጭ ንግግር ይለማመድባታል፤ ቁርስ ላይ ይለማመድባታል። ልጃቸውን ራንዳልን ስታምጥ እንኳ ከበሩ ማዶ ስለ መሬት አዋጁ ሲያነበንብ ይሰማት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን በቀለላት። በዚያ በመከራው ዘመን፣ የእንግሊዝ ጦር የአየርላንድ ልጆችን ሲሰቅል፣ በለንደኑ የመኳንንት ምክር ቤት ብቻውን ቆሞ «ይህ ግድያ ነው» ያለ እሱ ነው። ሲመለስ የየባላባቱ በር ተዘጋ። ለገና የሚጠራቸው ጠፋ፤ የገዛ እህቷ እንኳ መጻፍ ተወች። ሄስተር በየምሽቱ ብቻዋን እያለቀሰች ከረመች። ሉሺየስ ግን ማንም እንደማይጠራቸው ልብ ያለው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ የሚቀጥለውን ንግግር ሲያዘጋጅ ፋታ አላገኘም።

«እኔ እኮ ለዳቦው ብቻ አልመጣሁም» አለች ዲሊያ ድንገት። «ታይግ ግቢ ውስጥ ነው። ያ ፈረስ ላይ የሚወጡበት ድንጋይ የለም? እሱ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ትናንት ማታ ጎትቼ ወሰድኩት፤ ሲነጋ ተመልሶ መጣ። ግባ ብለው አልገባም አለ። ገደልኩት ነው የሚለው።»

«ማንን?»

«ማንን ይሆናል? ሎርዱን ነዋ!»

ሄስተር ዳቦውን አስቀመጠች። ገበያው ላይ ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው አጥታ ነበር፤ ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ዓይኑን ይሰብርባታል። መጠየቁንም ፈርታው ነበር። ያን ቀን እሷ አልነበረችማ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ካፖርቱን እያለበሰችው፣ «ዛሬ ብቻህን ሂድ፣ ሉሺየስ፤ ደክሞኛል» ብላው ቀርታ ነበር።

«ንገሪኝ» አለች።

«ስለ ትምህርት ቤቱ ጣራ ነበር የሚናገሩት። 'ያንን ጣራ በገዛ እጄ እከድነዋለሁ!' ሲሉ፣ የኔው ጉድ ከወዲህ በኩል 'መጀመሪያ የራስዎን ይድፈኑ፣ ጌታዬ! ደሪክሉን መኝታ ቤት ውስጥ ዓሣ ይጠመዳል ይባላል!' አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሎርዱም ሳቁ። እንዴት እንደሳቁ ቢያዩ! ዕንባቸው እስኪወርድ። ከዚያ ለማረፍ ያህል ጋሪው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። እኛ ተነሥተው የሚመልሱለት መስሎን እንጠብቃለን። ጠበቅን፣ ጠበቅን…»

«እየሳቀ?»

«እየሳቁ። ስናነሣቸው እንኳ ሳቁ ፊታቸው ላይ ነበር።»

ሄስተር የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ ተጭኗት የነበረው ነገር ተራገፈላት፤ ጭነቱ እንደ ወረደለት አህያ አንዴ ተነፈሰች። አፏን ጠራርጋ በጓሮ በር ወጣች።

ታይግ መልቪ ግዙፍ ሰው ነው። ድንጋዩ ላይ ኩርምት ብሎ ሲታይ ግን የተጣለ ጆንያ መስሏል። ከፈረሶቹ ጋጣ የሴቶች ጸሎት ይሰማል፤ የካቶሊኮቹ ሚስቶች የፕሮቴስታንቱን ቤት ላለማሳፈር ብለው መቁጠሪያቸውን እዚያ ጭድ ላይ ተንበርክከው ይደግማሉ። መልቪ እመቤቲቱን ሲያይ ብድግ አለ።

«አቶ መልቪ፣ ይገባሉ ወይስ እኔ እዚህ ልቀመጥ?»

«አልገባም፣ እመቤቴ። ገዳይ የሟች ቤት አይገባም።»

«እንግዲያው ይቀመጡና ጠጋ ይበሉልኝ» አለችና አጠገቡ ተቀመጠች። «ሐኪሙ ካሁን በኋላ ጋሪ ላይ ከወጣህ አትመለስም ብሎታል። እኔም እዚያው ነበርኩ። ምን እንዳለው ያውቃሉ? 'ታዲያ አልጋ ላይ ብሞት ማን ይሰማኛል?'»

መልቪ ሳይወድ ፈገግ አለ፤ ወዲያው መልሶ ዋጠው። «ቀልዱ ባይኖር ግን…»

«ክረምቱን ሙሉ ጥርሱን አላየሁትም። የልጅነት ጓደኞቹ ግማሾቹ ሞተዋል፤ የቀሩት አያናግሩትም። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳቅኩለት እንጂ አላሳቅሁትም። እርስዎ አሳቁት። ይህን እንደ ወንጀል ከቆጠሩብኝ እቀየምዎታለሁ።»

«ይህን ቤት ላቃጥል መጥቼ እንደነበር ያውቃሉ?» አለ መልቪ፣ ጉልበቱን እያየ።

«እንዴት አላውቅም! ሻይ ሰዓት ላይ ነበር። አብረውዎት ለመጡት ልጆች ዳቦ ያወጣሁላቸው እኔ አይደለሁም?»

«ያኔ አማፂዎች ነበርን፤ የትልልቅ ሰው ቤት ሁሉ ይቃጠል ተብሎ ታዘን ነበር። ጋዙን በቆርቆሮ ይዘን መጣን። እሳቸው እዚያ ደረጃ ላይ ወጡና 'ማቃጠሉን አቃጥሉ፤ ግን ከዚህ ቤት የሚበላው ሰው ሁሉ ነገ ወዴት ይሂድ? አንዳችሁ ይህን መልሱልኝና እኔው ራሴ ክብሪቱን እጭራለሁ' አሉ። እኔ ደግሞ ለመመለስ አፌን ከፈትኩ። ስህተቴ እሱ ነው፣ እመቤቴ። አፌን መክፈቴ! አንዱን ስመልስ ሌላ ያመጣሉ። ልጆቹ ራባቸው። ሁለቱ ልጆች፣ ላም የሚታለብበት ሰዓት ደረሰ ብለው፣ ጥለውኝ ሄዱ። ሲመሽ ጋዙን ተሸክሜ ወደ ቤቴ። እንቅልፍ የታባቱ! 'ይህን ብዬ በመለስኩላቸው ኖሮ' እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ምርጫ ሲመጣ የተወዳደርኩት ለዚያ ነው። ሰው አገሩን ስለሚወድ ነው ይላል። እኔ ልመልስላቸው ነው የገባሁት። ይኸው እስከ ትናንት ስመልስ ነበር።»

«እኔም እስከ ትናንት ሳዳምጥ ነበር» አለች ሄስተር።

«አሁን ወንበሯን ያለ ጠብ ሊሰጡኝ ነው። ለማን ነው የምናገረው?»

ሄስተር ተነሥታ ክንዱን ያዘችና፣ ከጋጣው በር ብቅ ብለው የሚያዩትን ሴቶች አልፋ፣ በዋናው ደረጃ ይዛው ገባች።

በአዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎች ፒፓቸውን እያጤሱ፣ ውስኪ በትንሽ በትንሹ እየተጎነጩ፣ በሹክሹክታ የሟቹን ተረብ ይተርካሉ። በእነ ሄስተር ወገን እንዲህ ያለ ለቅሶ ልማድ አይደለም፤ ሳጥኑ ይዘጋል፣ ዘመድ በጨዋ ደንብ ደርሶ ይሄዳል። ነገር ግን ሉሺየስን በጋሪ ያመጡት ሰዎች እንዳመጡት ተቀመጡ። የሚያስወጣቸውም አልነበረ፤ የገዛ ወገኖቹ አልመጡማ።

ከወገኖቹ የመጣው አንድ ሻለቃ ትሬንች ብቻ ነው፤ የሟቹ ፓርቲ ሰው። ራንዳልን በመስኮቱ በኩል ጥግ አስይዞታል። ራንዳል ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ የአውራጃው የከብት ሐኪም። አንደበቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይያዛል።

«ነገ ማታ የዕጩዎች ምዝገባ ይዘጋል» ይላል ሻለቃው። «ሕዝቡ እያለቀሰ ነው። የሚያለቅስ ሕዝብ ደግሞ ይመርጣል! መናገር አይጠበቅብህም፤ ስምህ ይናገራል። ጥቁር ከረባት አስረህ ጋሪው ላይ መቆም ብቻ። ለአባትህ ብለህ።»

ሄስተር ባለችበት ቀጥ አለች። በዓይነ ልቦናዋ የመጣባት ከመልቪ ጋር የተደረገው የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ራንዳል አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሉሺየስ ብብቱን ይዞ ጋሪው ላይ አወጣውና «ልጄ እንደምን ዋላችሁ ይላችኋል!» አለ። ልጁ አፉን ከፈተ። «እ… እ… እን…» ሕዝቡ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ከዚያ ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ። ያኔ ከማዶው ጋሪ ታይግ መልቪ ስለ ድንች ዋጋ ባለ በሌለ ድምፁ መጮህ ጀመረና ሰዉ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሉሺየስ የልጁን ጉልበት ቸብ አድርጎ «በሚቀጥለው ይሻላል» አለው። ከልቡ ነበር። የሚቀጥለውም ነበር፤ ከዚያም የሚቀጥለው። እሷ ዝም አለች። ራንዳልም አባቱን እንቢ ብሎ አያውቅም።

ዛሬ ዝም ላትል ወደ መስኮቱ ተራመደች። ልጇ ግን እጁን አንሥቶ አቆማት።

«አ… አይሆንም፣ ሻለቃ።»

«አስብበት እንጂ፣ የኔ ልጅ…»

«አ… አሰብኩ። አ… አባቴን እወደው ነበር።» ፊቱ ቀላ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ሽማግሌዎቹ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ጋ… ጋሪውን ግን እ… እጠላዋለሁ። ገና ሳየው ያ… ያስመልሰኛል። እኔ ከ… ከላሞች ጋር ነው የምስማማው። ላሞች አይ… አይቸኩሉብኝም።»

ሕይወቱን ሙሉ ሰው ፊት እንዲህ ብዙ ተናግሮ አያውቅም። ከእሳቱ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ «እሰይ!» አለ፣ በሬ የዳነለት ይመስል። ምናልባትም ድኖለት ይሆናል።

ሻለቃው ጢሙን ዳበሰ። ወታደር ነውና አንዱ ምሽግ ቢዘጋበት ወደ ሌላው ዞረ። «እንግዲያው እመቤቴ፣ እርስዎ። ሐዘንተኛ ሴት ስትቆም ማን ይቃወማል? እኔ ራሴ በየገበያው ከጋሪው ሥር ቆሜ…»

ሄስተር ሳቀች።

ልትይዘው ሞከረች፤ አልተያዘላትም። ሻለቃ ትሬንች በዝናብ ከጋሪው ሥር ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ በቀልዷ ሲስቅላት ታያት። በባሏ ሬሳ ፊት ጎኗን ይዛ፣ ሆዷ እስኪያማት ሳቀች። ዲሊያ ከጓዳው በር ሆና ሳቋን ተቀበለቻት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ራንዳል። መልቪ ብቻ ከሳጥኑ ራስጌ ቆሞ «ሰሙ ጌታዬ፣ ሰሙ?» እያለ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። ሻለቃው ጓንቱን ፈልጎ ወጣ።

ሰዉ ቀለል ሲል ራንዳል ሻይ ይዞላት መጣ። «እ… እማዬ፣ ተቀየምሽኝ?»

«ልጄ» አለችው፣ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ከወለድኩህ ጀምሮ ሰውነቴ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።» ያን ማታ እንደ ሕፃን ተኛች።

የቀብሩ ዕለት ዝናብ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው ላይ ነው፤ ውስጡ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ለዓመታት የሄስተርን ደጃፍ ያልረገጡት ጥቂት ባላባቶች ፀጉር ካፖርታቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሟች አይናገርምና ከእንግዲህ አያሳፍራቸውም። የአውራጃው ሕዝብ ግን ውጭ ነው። ካቶሊክ የፕሮቴስታንት ጸሎት ቤት እንዳይገባ ቄሶቻቸው ከልክለዋል፤ ስለዚህ መንገዱን ሞልተው፣ ዝናቡን እየጠጡ ቆመዋል። ቄሱ ሲያነቡ ሄስተር የምትሰማው የውጭውን ሳል ነበር። ያ ሁሉ ሳል! በሩ ተከፍቶ ሳጥኑ ሲወጣ ሕዝቡ ከሁለት ተከፈለ፤ የመልቪ ትከሻ ከራንዳል ትከሻ አጠገብ ከሳጥኑ ሥር ገባ።

አፈሩን የመለሱት ጎረቤቶች ናቸው። ባላባቶቹ የሄስተርን ጉንጭ እየሳሙ ወደ መኪናቸው ቸኮሉ። እሷ አልሄደችም። ከዲሊያ ጋር በመቃብሩ ቦታ ዝቅተኛ አጥር ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ማንንም ሳታማክር ጫማዋን አወለቀችና ያበጠ እግሯን እርጥቡ ሣር ላይ አሳረፈችው።

«እሰይ፣ ይተንፍስ» አለች ዲሊያ። የራሷንም ማሰሪያ ፈታች።

ከኮረብታው ግርጌ የክሉን ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውጦታል። በየዓመቱ ይውጠዋል። ወንዙ ይጠረግ በሚለው ባላባቱም ምስማር ሻጩም አንድ ነበሩ፤ ከየት ይጀመር የሚለው ግን ከጠባቸው ሁሉ የከረመው ጠብ ነው።

መልቪ አካፋውን ተደግፎ ቁልቁል አየ። ከዚያ ወደ አፈሩ ቁልል ዞረ።

«ይኸው ዘንድሮም ሞላ፣ ጌታዬ» አለ። «ስንት ጊዜ ነገርኩዎት? ከላይ ነው የሚጀመረው። ከሐይቁ!»

ዝም አለ። ለመልሱ ቦታ መተዉ ነበር፤ ልማዱ ነው። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል። ሌሎቹ ሰዎች ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«ከሐይቁ ነው» አለ መልቪ እንደገና። ድምፁ አነሰ።

«ስህተት ነው፣ አቶ መልቪ!»

ሄስተር በባዶ እግሯ ቆማለች። በዚያ አገር በአንድም አደባባይ ተሰምቶ የማያውቅ ድምጿ የመቃብሩን ቦታ አቋርጦ ሄደ። አካፋዎቹ ባሉበት ቆሙ።

«ከታች ነው! ከወንዙ አፍ፣ ከባሕሩ! ከላይ ከጀመሩማ ያ ሁሉ ውሃ ወርዶ የሚተኛው በማን እርሻ ላይ ነው? በድሃው! ለዚህ ነው…» መቶ ጊዜ የሰማችው መልስ ነበር፤ ጢም ሲላጭ፣ ቁርስ ላይ፣ ካፖርት ሲለበስ። «ለዚህ ነው ሉሺየስ…»

እጇን ከፍ አድርጋ፣ ቆይ፣ አልጨረስኩም እንደማለት አሳየችው።

መልቪ ባርኔጣውን አወለቀ። ዝናቡ መላጣው ላይ እየወረደ፣ እስክትጨርስ ጠበቃት።